16 ይዤ አዳዩ 10 ሲያሳይ ልሳብ ወይስ ልቁም?

የአራት ኪሎው፦
ሰላም ወገን። ከሥራ በኋላ አራት ኪሎ የምንሰበሰብባት ካፌ አለች። ክራዚ ሰለቸንና ብላክጃክ ጀመርን (ከ21 ሳያልፉ በካርታ ድምር አዳዩን መብለጥ ነው ጨዋታው)፤ ውርርዱ ማኪያቶ ነው። አንዱ ጓደኛዬ የመሠረታዊ ስትራቴጂውን ሰንጠረዥ፣ ማለትም በየትኛው እጅ ምን ማድረግ እንደሚሻል የሚናገረውን፣ ላከልኝ። 16 ይዤ አዳዩ 10 ሲያሳይ «ሳብ»፣ ካርታ ጨምር ይላል። እስባለሁ፣ ከ21 አልፌ እቃጠላለሁ፣ ጠረጴዛው ሙሉ ይስቃል። ሰንጠረዡ ልክ ነው? ደግሞ አዳዩ አስ ሲያሳይ «ኢንሹራንስ ግዛ» ይሉኛል፤ የተከደነው ካርታው 10 ነው ብለህ በጎን ተወራረድ ማለታቸው ነው። ልግዛ?

ቁጥር ወዳጅ፦
ሰንጠረዡ ልክ ነው ወንድሜ። እጁ ነው መጥፎው። ቆምክም ሳብክም ከአራት ዙር ሦስቱን ያህል ትሸነፋለህ፤ መሳብ በትንሹ ይሻላል፣ በቃ። 16 ይዘህ ከቆምክ የምታሸንፈው አዳዩ ከተቃጠለ ብቻ ነው። 10 ያሳየ አዳይ ደግሞ ቶሎ አይቃጠልም። 5 ወይም 6 ሲያሳይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ100 ዙር 42 ገደማውን ይቃጠላል። ያኔ 12 እንኳን ብትይዝ ቁም። እሱ ይጨነቅ።

ሜክሲኮ፦
ኢንሹራንስ እንዳትነካ። ከ13ቱ የካርታ ዓይነቶች እንደ 10 የሚቆጠሩት 4 ናቸው፦ 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ። ክፍያው 2 ለ1 ነው። ስለዚህ ከ13 ጊዜ 9ኙን አንድ አንድ ትከፍላለህ፣ 4ቱን ሁለት ሁለት ትቀበላለህ። 9 ወጣ፣ 8 ገባ።

ስሜቴ፦
ኧረ ተዉት! ካርታ ዕድል ነው። ሰንጠረዡንም ካሲኖዎች ናቸው የፈጠሩት።

ቁጥር ወዳጅ፦
አይደለም። አራት የአሜሪካ ጦር ወታደሮች በጠረጴዛ ማስሊያ ማሽን ሲደምሩ ሲቀንሱ ከርመው ነው በፈረንጆቹ 1956 ያሳተሙት። ካሲኖ የሚወደው እንዳንተ በስሜት የሚጫወተውን ነው፣ አትቀየመኝና።

ጋሽ ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ሁሉም ስለ ካርታው አወራ። ለመሆኑ የሚያድለው ማነው?

የአራት ኪሎው፦
ጋሼ፣ ሁሌም ሰንጠረዡን የላከልኝ ልጅ ነው የሚያድለው።

ጋሽ ጡረተኛው፦
አየህ! የአዳይ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ቀድመህ የምትስበው አንተ ነህ። ከተቃጠልክ ውርርድህን ወዲያው ይሰበስባል፤ በኋላ እሱም ቢቃጠል አይመልስልህም። ሰንጠረዡን አንድም ሳትስት ብትከተል እንኳን፣ ጥሩ ሕግ ባለበት ጠረጴዛ ከ100 ብር ግማሽ ብር ገደማ ለአዳዩ ይሄዳል። ኪሳራ ይቀንስልሃል እንጂ አትራፊ አያደርግህም። ስለዚህ በየተራ አድሉ።

ሁለት ነገር ደግሞ ቀድማችሁ ተስማሙ። አዳዩ እስከ 16 ድረስ ግድ ይሳብ፣ 17 ላይ ይቁም። እንዳሻው ከሆነ ሰንጠረዡ የተሠራበት ስሌት ፈረሰ ማለት ነው። ሌላው፣ በሁለት ካርታ 21 ሲመጣልህ ክፍያው 3 ለ2 ይሁን። ሁለት ማኪያቶ አስይዘህ ሦስት ትወስዳለህ። እኩል በእኩል የሚከፍልህ ከሆነ ከ100 ብር ሌላ ሁለት ብር ከምናምን ይሄድብሃል።

የአራት ኪሎው፦
ክፍያው እኩል በእኩል ነበር! እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ጥንድ ሲመጣስ?

ሜክሲኮ፦
8 እና 8፣ አስ እና አስ ሁሌም ለያቸው፣ ሁለት እጅ አድርገህ ተጫወት። ሁለት 10 አይለይም፤ 20 ይዘህ ሌላ ምን ልትፈልግ? ሁለት 5ም አይለይም፣ እንደ 10 ቁጠረው። የሚያምታታው 9 እና 9 ነው። ይለያል፤ አዳዩ 7፣ 10 ወይም አስ ካሳየ ግን ቁም። 7 ሲያሳይ 17 ላይ የመቆም ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ያንተ 18 ይበልጠዋል።

የአራት ኪሎው፦
ዛሬ የማደል ተራ ጠየቅኩት። «ካርታው የኔ ነው» አለኝ።

ጋሽ ጡረተኛው፦
ፒያሳ ጎራ በልና የራስህን ግዛ።