የሃይሉክስ የሆድ መከላከያ በላሜራ ማሠራት፤ ስንት ሚሊ ይሻላል?

የተንታ መንገደኛ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ቪጎ ሃይሉክስ ነው። ሥራዬ ከደሴ በኩታበር ወደ ተንታ፣ ከዚያም ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ማድረስ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ችግር የለም። ጣጣው ከዚያ ከወጣሁ በኋላ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ የከባድ መኪና ጎማ ግራና ቀኙን ይቆፍረዋል፣ መሃሉ ጉብ ብሎ ይቀራል፣ ጉብታው ላይ ደግሞ ድንጋይ ተተክሎ ይጠብቅሃል። ባለፈው አንዱ ኮፓዬን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) መታው። አልቀደደውም፣ ግን አጎድጉዶታል። ከፋብሪካ የመጣችው ስስ ላሜራ እንደ ወረቀት ተጠቅልላ ነው ያገኘኋት።

አሁን ከራዲያተሩ ሥር እስከ ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) የሚሸፍን ጠንካራ ነገር ላሠራ ነው። አንዱ በያጅ 6 ሚሊ አምጣና ሻንሲው (መኪናውን የተሸከመው ዋና ብረት) ላይ በይጄ ልስጥህ፣ ዕድሜ ልክህን አታስብም አለኝ። ሌላው 3 ሚሊ ይበቃል ይላል። የሠራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፤ ስንት ሚሊ ይሁን፣ የትስ ይታሰር?

ብረት ቤት (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ሻንሲ ላይ መበየዱን እርሳው። ሙቀቱ የሻንሲውን ብረት ያዳክመዋል፣ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። ደግሞስ ካምቢዮ በወረደ ቁጥር በግራይንደር ልትቆርጠው ነው? በቡሎን ይታሰር። የፋብሪካዋ ላሜራ የታሰረችባቸው ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉልህ፣ ከእነሱ ጀምር። ካልበቁ ሻንሲውን በትራፓኖ ከመብሳት ሻንሲውን አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ ማሠራት ይሻላል።

የውፍረቱ ሂሳብ ቀላል ነው። አንድ ካሬ ሜትር ብረት በእያንዳንዱ ሚሊ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። የፊተኛው ቁራጭ 80 በ60 ሳንቲ ቢሆን በ3 ሚሊ 11 ኪሎ ከምናምን፣ በ4 ሚሊ 15 ኪሎ፣ በ6 ሚሊ ወደ 23 ኪሎ ይመጣል። የካምቢዮው ቁራጭ ሲጨመር እጥፍ በለው። 6 ሚሊ ያን ሁሉ ክብደት የመኪናው አፍንጫ ላይ ይጭንብሃል፣ ፈትተህ ስታወርደውም ረዳት ያስፈልግሃል። እኔ ለሃይሉክስ 4 ሚሊ ነው የምሠራው። ጥንካሬውን ከአጣጠፉ አምጣው። የፊት ጠርዙን ወደ ላይ አንሳው፣ የግራና የቀኙን ጠርዝ እጠፈው፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ከፊት ወደ ኋላ በጠርዙ ቆሞ ይበየድበት። ከውስጥ ነው ያልኩት! ከሥር የተበየደ ማጠናከሪያ ድንጋይ ይይዛል። የታችኛው ፊት ልሙጥ ሆኖ መንሸራተት አለበት።

በሁለት ቁራጭ የምታሠራው ከሆነ የፊተኛው የኋላ ጫፍ ከኋለኛው ሥር ይግባ። በተቃራኒው ከሆነ ወደ ፊት ስትነዳ ድንጋዩ የኋለኛውን ጠርዝ ይዞ ይገነጥለዋል። ከኮፓው ጋር ቢያንስ 2 ሳንቲ ክፍተት ይኑረው፤ ላሜራው ሲመታ ትንሽ ይለጠጣል፣ ኮፓውን ከነካው መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው።

አሮጌው መካኒክ (ደሴ)

ብረት ቤት ያለው ልክ ነው፣ እኔ ከመካኒክ በኩል ልጨምር። አንዳንዱ ማሰሪያ ሲያጣ የኋላውን ጫፍ ካምቢዮው ላይ ያስረዋል። ይሄ ፈጽሞ አይደረግም። ሞተርና ካምቢዮ ንዝረት በሚውጥ የጎማ ማስቀመጫ ላይ ነው የተቀመጡት፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሻንሲው ግን ከእነሱ ጋር አይንቀሳቀስም። ሁለቱን በላሜራ ካያያዝካቸው ንዝረቱ በሙሉ ጋቢና ይገባል። የድንጋዩም ምት በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ይሄዳል፣ የካምቢዮው ገላ ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ ይሰነጠቃል። ማሰር ያለብህ ግራና ቀኙን ሻንሲ የሚያያይዘው አግድም ብረት ላይ ነው።

ሌላው አየር ነው። በፊት የገባው አየር በራዲያተሩ አልፎ ብዙው የሚወጣው በሥር በኩል ነው። ሆዱን ድፍን ካደረግከው መውጫ ያጣል። ወደ ኋላ የሚከፈቱ መተንፈሻዎች አስወጣለት፣ ለዘይት መውረጃው ቡሎንም ትክክል ከሥሩ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይሁንለት። ከታሰረ በኋላ ኮምቦልቻ ውረድና ጭነት ይዘህ የሐረጎን ዳገት ውጣ። ከኮምቦልቻ ደሴ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፣ ከእሱ የተሻለ ፈተና የለም። የሙቀት ጌጁ ከወትሮው ቦታ ከፍ ካለ መተንፈሻው አንሷል ማለት ነው።

አንተ መኖ ትጭናለህ፣ በሣር ላይም ትነዳለህ። ደረቅ ሣርና ገለባ ላሜራው ላይ ተጠራቅሞ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ከነካ እሳት ይነሳል። ቀልድ አይደለም። ከገጠር ስትመለስ እጅህን ሰደድ አድርገህ አራግፈው።

ባቲ 4 በ 4

ለምን አሉሚኒየም አይሆንም? ክብደቱ የብረት ሲሶ ነው፣ አይዝግም።

ብረት ቤት (ኮምቦልቻ)

ለጭንጫ አልመክርም። አሉሚኒየም ለስለስ ስለሚል ድንጋዩ ይነክሰዋል፣ ብረት ግን ያንሸራትተዋል። ለተመሳሳይ ጥንካሬም ወፈር ያለ ስለሚፈልግ ሲሶ ያልከው ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ደግሞ ተንታ አጠገብ አንድ ነገር ቢሰነጠቅ ብረትን ማንም በያጅ በተራ ኤሌክትሮድ ይይዝልሃል። አሉሚኒየም የሚበይድ ግን ደሴም ላይ ፈልገህ ነው የምታገኘው።

የተንታ መንገደኛ (ደሴ)

አላህ ይስጣችሁ፣ ለ4 ሚሊ ወሰንኩ። ጋሼ መካኒክ፣ የሣሩን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ ትልቅ ነገር ነው የነገርከኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ የምሠራበት ቤት ማጠፊያ ማሽን የለውም። 4 ሚሊ በመዶሻ ይታጠፋል እንዴ?

ብረት ቤት (ኮምቦልቻ)

በመዶሻ ብቻ ከሆነ ይጣመማል። መታጠፊያውን መስመር በግራይንደር እስከ ውፍረቱ ግማሽ ይሰርስረው፣ ከዚያ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ጎድጓዱን በብየዳ ሞልቶ ልሙጥ እስኪሆን ይሞርደው። ከዚያ በፊት ግን በካርቶን ልኩን ያውጣ። ካርቶኑ ከሥር ተለክቶ፣ መሪው ወዲያና ወዲህ ዞሮ ምንም ካልነካ በኋላ ነው ላሜራው የሚቆረጠው።

ጋልቫናይዝድ ላሜራ እንዳትገዛ፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። ቡሎኑ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት የተጻፈበት ይሁን፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ የሆነ በቂ ነው። ጭንቅላቱ ላሜራው ውስጥ ቢሰምጥ ጥሩ፣ ካልሆነም ከፊቱ ትንሽ ብረት ይበየድለት፣ አለዚያ ድንጋዩ ይልጠውና በቁልፍ አትፈታውም። ልክ ለመያዝ መኪናው ላይ ነጥብ ነጥብ ብየዳ ካደረገ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦ ያለበት አካባቢ ግን ጨርሶ አይበይድ። ሙሉው ብየዳ ወርዶ መሬት ላይ ነው።

አሮጌው መካኒክ (ደሴ)

ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፣ ሻንሲው ሥር ጠንካራ መቆሚያ ይደረግ። አንቲረስቱን (የዝገት መከላከያ ቀለሙን) ከውስጥ በኩልም ቀቡት፣ ጭቃ የሚያድረው እዚያ ነው፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይም ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑር። ከመጀመሪያው የገጠር ጉዞ ስትመለስ ደግሞ ቡሎኖቹን በሙሉ በቁልፍ ዳብሳቸው። አዲስ ሥራ ሲነዝር ይላላል።