የቻተም ጉዞና የቤዝቦል ቡድኑ ታሪክ፦ የጋራ ሐሳብ ማዘጋጃ ውይይት

ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስብሰባ የተነሱትን ሁለት ነገሮች እዚህ እንቋጫቸው። አንደኛው የማኅበራችን የዘንድሮ ሰመር የቤተሰብ ጉዞ ነው፤ ከቦስተን ወደ ኬፕ ኮድ ባሕረ ገብ መሬት፣ ቻተም ከተማ። ሁለተኛው አውቶቡሱ ላይ የሚታደል አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ነው፤ ስለ ቻተም የኮሌጅ ተማሪዎች የሰመር ቤዝቦል ቡድን ታሪክ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ቤዝቦል ይጫወታሉ። እኛ ወላጆች ዳር ተቀምጠን ማን እንዳሸነፈ እንኳ ከልጅ ነው የምንጠይቀው። የማኅበሩ ቦርድ በጀት እንዲፈቅድ የአንድ ገጽ ሐሳብ ይፈልጋል። የመሰላችሁን ጻፉ፤ ጸሐፊያችን ታጠናቅረዋለች።

የወጣቶች ተጠሪ፦
በትልልቆቹ ስሞች እንጀምር። ተርማን መንሰን በ1967 ከኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ለቻተም ተጫወተ። የምት አማካዩ .420 ነበር። ለማያውቅ ሰው፦ ከአሥር ሦስቴ የሚሳካለት መቺ ጎበዝ ይባላል። እሱ ከአራት በላይ ነው። ቻተምም በዚያው ዓመት ዋንጫ ወሰደች። መንሰን ኋላ የኒውዮርክ ያንኪስ አምበል ሆነ። በ1979 ራሱ በሚያበራት አውሮፕላን አደጋ ሞተ። ቻተም የምትጫወትበት የኬፕ ኮድ ቤዝቦል ሊግ ለዓመቱ ምርጥ መቺ የሚሰጠው ሽልማት ዛሬም በስሙ ነው። ከዚያ ጄፍ ባግዌል አለ፣ በ1987 እና በ1988። ኢቫን ሎንጎሪያ በ2005 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። ክሪስ ብራያንትም እዚያ አልፏል። ልጆቹ ወረቀቱን የሚያነቡት እነዚህን ስሞች ካዩ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ልጄ፣ ስሞቹ ይግቡ፣ አልጠላሁም። ግን መንሰንን እኔም አላውቀው፣ ባለቤቴም አታውቀው። የስም ዝርዝር ከሆነ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያገኙታል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ቻተም ቋሚ ነዋሪዋ 6,000 ምናምን ነው። ይቺን የምታህል ከተማ ቡድን በምን አቅሟ ትይዛለች? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ለኛስ መግቢያው ስንት ነው? እሱን ሳላውቅ ፊርማዬን አላሳርፍም።

የሃያኒስ አባል፦
ጋሼ፣ መግቢያው ነፃ ነው። ሃያኒስ እዚያው ኬፕ ኮድ ላይ ስለሆነች ከሥራ ስወጣ ሜዳው ጎራ እላለሁ። ቬተራንስ ፊልድ ይባላል። በአንድ ጎኑ ሣር የለበሰ ዳገት አለ። ሰው ቀደም ብሎ መጥቶ ብርድ ልብሱንና ወንበሩን ዘርግቶ ቦታ ይይዛል። ጨዋታው መሃል ላይ ኮፍያ ይዞራል። አንድ ዶላርም ይጣልበታል፣ ሃያም ይጣልበታል፣ አልፎት የሚሄድም አለ፤ ማንም ቀና ብሎ አያይህም። ሎተሪም አለ፤ ከትኬቱ ሽያጭ ግማሹ ለባለ ዕድሉ፣ ግማሹ ለቡድኑ። ቲሸርትና ኮፍያ ይሸጣል። የሎተሪ ትኬት ሻጩም ሆት ዶግ ጠባሹም በጎ ፈቃደኛ ነው። ተጫዋቾቹ ደሞዝ የላቸውም።

ስለ ጉሙ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሜዳው ለባሕር ቅርብ ነው። ጥርት ባለ ሰማይ የጀመረ ጨዋታ መሃል ላይ ነጭ ጉም ይመጣበታል። መጀመሪያ በስተኋላ የሚቆሙት ተከላካዮች ይጠፋሉ። ከዚያ ወደ ላይ የተመታች ኳስ ወዴት እንደወረደች የሚያውቅ የለም። ዳኞቹ ሰብሰብ ብለው ትንሽ ይጠብቃሉ። ካልገፈፈ ሁሉም ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ። ጁላይ ነው ብላችሁ ልጆቹን ያለ ሹራብ እንዳታመጡ።

የመስተንግዶ ኃላፊ፦
ደሞዝ ከሌላቸው እነዚህ ልጆች የት ያድራሉ? ማን ያበላቸዋል?

የሃያኒስ አባል፦
የከተማው ሰው ቤት ነዋ፣ እትዬ። አንዱ ቤተሰብ አንድ ልጅ ይወስዳል፣ ሰፊ ቤት ያለው ሁለት። ልጁ ከቴክሳስ ወይ ከካሊፎርኒያ ይመጣል። ዕድሜው 19፣ 20 ቢሆን ነው። ከጁን አጋማሽ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ድረስ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል። ፍሪጁን ከፍቶ ይበላል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ከቤቱ ሕፃናት ጋር ጓሮ ኳስ ይወራወራል። ድሮ ቀን ቀን ሥራም ይፈለግላቸው ነበር፤ ሱፐርማርኬት ዕቃ በከረጢት መክተት፣ ሣር ማጨድ። አሁን አሁን ብዙዎቹ ጠዋት ጠዋት የሠፈር ልጆችን ያሠለጥናሉ። አንዳንዱ ተጫዋች ከዓመታት በኋላ እነዚያን ሰዎች ሠርጉ ላይ ይጠራቸዋል።

የመስተንግዶ ኃላፊ፦
በቃ፣ ጽሑፉ ከዚህ ይጀምር! እስቲ አስቡት። ጁላይ ላይ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የእግር ኳስ ውድድር በመጣ ቁጥር ሳሎን ሙሉ ፍራሽ የሚያነጥፈው ማን ነው? ፌዴሬሽኑ ከ1984 ጀምሮ ከከተማ ከተማ ሲዞር ስንቱ ተጫዋች ሆቴል አደረ፣ ስንቱ ሰው ቤት አደረ? ያንን ያሳለፈ ወላጅ የቻተምን ነገር ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። የሰውዬው .420 ከኋላ ይምጣ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
እሺ እትዬ፣ ቤቱ ይቅደም። ግን ልጆቹ ለምን ከቴክሳስ ድረስ እንደሚመጡ ካልተጻፈ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ለባሕሩ አይደለም የሚመጡት። ኮሌጅ ውስጥ ከ1974 ወዲህ የአልሙኒየም ዱላ ተፈቅዷል። አልሙኒየም ኳሷን ያስፈነጥራታል፤ በደንብ ሳትመታት እንኳ ሩቅ ትሄዳለች። ዋናው የባለሙያዎች ሊግ፣ ሜጀር ሊግ የሚባለው፣ ግን እንጨት ብቻ ነው። ስለዚህ የክለብ መልማዮች ኮሌጅ ውስጥ ያዩት መቺ የእውነት መቺ ይሁን አይሁን ግራ ይገባቸዋል። የኬፕ ኮድ ሊግ በ1985 ወደ እንጨት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መልማይ ሁሉ ሰመሩን እዚያ ነው። ከመቺው ጀርባ ተደርድረው የፍጥነት መለኪያቸውን ወርዋሪው ላይ ሲደግኑ ታያላችሁ። ከሊጉ ካለፉት ውስጥ በአንድ ዓመት ከ300 በላይ በዋናው ሊግ ይጫወታሉ። አንድ ልጅ ኮሌጅ በአልሙኒየም የለመደውን እዚያ በእንጨት ካጣው በስድስት ሳምንት ገበያው ይወርዳል። ወርዋሪው ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ የወረወራትን ኳስ በእንጨት ከመታት እጁ ይነዝረዋል፣ ዱላውም ይሰበራል። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ያማል።

ጸሐፊ፦
የዘመኑን ጉዳይ ልያዘው። የሊጉ ዓርማ ላይ 1885 የሚል ተጽፏል። በዚያ ዘመን ኬፕ ኮድ ላይ ቤዝቦል ይጫወቱ ነበር፣ እውነት ነው። ሊግ ሆኖ የተቋቋመው ግን በ1923 ነው፤ በአራት ከተሞች፣ ቻተም አንዷ፣ ከፋልማውዝ፣ ከሃያኒስና ከኦስተርቪል ጋር። ጽሑፋችን 1923ን ይያዝ፤ 1885ን ዓርማው ላይ ያለ ብለን እንለፈው። ታሪኩም ሳይቋረጥ የመጣ አይደለም። ከ1939 በኋላ ሊጉ ፈረሰ። የኢኮኖሚ ድቀቱ ትንንሽ ከተሞችን አድክሟቸው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 እንደገና ቆመ፤ ያኔ የሚጫወተው ባብዛኛው የአገሬው ሰው ነበር። በ1963 ደግሞ የኮሌጅ ተማሪዎች ብቻ ሆነ። የዛሬው ሊግ የሚባለው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ቻተም ከ1963 በኋላ አምስት ዋንጫ አላት፦ 1967፣ 1982፣ 1992፣ 1996፣ 1998። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ጨዋታው ጭራሽ ቀረ።

አሠልጣኙን ጆን ሺፍነርንም እፈልገዋለሁ። ከ1993 እስከ 2017 ድረስ 25 ሰመር እሱ ነበር። በትምህርት ወራት ኮኔቲከት ያስተምር ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ ቻተም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዋንጫዎች የሱ ናቸው።

የወጣቶች ተጠሪ፦
የስም ለውጡንም እንዳትረሺ። ቡድኑ ለዓመታት ኤይስ ነበር የሚባለው፣ ልክ ያኔ ኦክላንድ እንደነበረው የዋናው ሊግ ክለብ። በ2008 ዋናው ሊግ የንግድ ምልክት ጉዳይ አነሳ። በዋናው ሊግ ክለቦች ስም የምትጠሩ ቡድኖች ማሊያችሁንና የምትሸጡትን ዕቃ ፈቃድ ካለው አቅራቢ ግዙ፣ ካልሆነ ስማችሁን ቀይሩ አለ። በትንሽ ከተማ ቡድን ላይ!

ገንዘብ ያዥ፦
ቆይ፣ እዚህ ላይ ዝም ብለን አንለፍ። ኮፍያና ቲሸርት ሽያጭ ዋና ገቢያቸው ከሆነ፣ አቅራቢ መርጬ ልስጣችሁ ማለት ኪሳቸው ውስጥ መግባት ነው። እና ምን አደረጉ?

የወጣቶች ተጠሪ፦
የሊጉ ቡድኖች ተለያዩ ጋሼ። ቦርን ብሬቭስነቱን ያዘ፣ ያርመዝ-ዴኒስም ሬድ ሶክስ ሆኖ ቀረ። ሃያኒስ ሜትስ የሚለውን ትቶ ሃርበር ሆክስ ተባለ። ኦርሊንስም ካርዲናልስን ጥሎ ፋየርበርድስ ሆነ። ቻተም በ2009 አንግለርስ ተባለች፣ ዓሣ አጥማጆቹ ማለት ነው። ዓሣ ማጥመድ የከተማዋ ኑሮ ነው። ስሙ በኤ ስለሚጀምር ኮፍያው ላይ ያለችው ፊደል ቦታዋን አልለቀቀችም። ሰዉም አሁን ድረስ ኤይስ ይላቸዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ብልጦች ናቸው። ይሄ በደንብ ይጻፍ፤ ለስሙ ግማሽ ገጽ ስጪው። ፊልም የተሠራበት ነገርም አለ ተብሏል፣ እሱ አይግባ።

የሃያኒስ አባል፦
አይግባ ጋሼ። በ2001 የወጣው ፊልም ስለ ቻተም ነው ይባላል እንጂ አብዛኛው የተቀረጸው ሰሜን ካሮላይና ነው።

ሰብሳቢ፦
ቀኑን እንወስን። የጁላይ 4 በዓል ሳምንት አይሆንም፣ ግማሹ ሰው የፌዴሬሽኑ ውድድር ላይ ነው። ቅዳሜ ካልን ደግሞ ኬፕ ኮድ ቤት የተከራየው ሁሉ የሚገባውም የሚወጣውም ያን ቀን ስለሆነ ወደ ኬፕ ኮድ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ተሰልፈን እንመሻለን።

የመስተንግዶ ኃላፊ፦
የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ኦገስት 7። የቤዝቦል ሊጉም መደበኛ ውድድር ኦገስት እንደገባ ያልቃል። ስለዚህ ከጁላይ 12 በኋላ ያለ እሑድ ያዙ። ከቅዳሴ መልስ እንነሳለን። ጥብሱንና ዳቦውን እኛ እናዘጋጃለን። ዶሮ ወጥ ብላችሁ እንዳታስቸግሩኝ፤ ዳገት ላይ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ወጥ የሚበላ ሰው ልብሱን ይሰናበት።

ገንዘብ ያዥ፦
ሰኞ ሥራ አለ። ጨዋታው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከጀመረ መቼ ቤታችን እንገባለን? 90 ማይል ነው። አውቶቡሱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ጋሼ፣ የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ዙር እኩል ለእኩል ቢሆንስ?

ገንዘብ ያዥ፦
በስልክህ ትከታተለዋለህ።

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው፣ እዩትና አርሙ።

«ማኅበራችን ከጁላይ 12 በኋላ ባለ አንድ እሑድ የቤተሰብ ጉዞ ወደ ቻተም እንዲያደርግና ስምንት ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ እንዲያሳትም ቦርዱን እንጠይቃለን። ጽሑፉ የሚጀምረው ተጫዋቾቹን ከሚያሳድሩት ቤተሰቦችና ከሚዞረው ኮፍያ ነው። ቀጥሎ በ1923 ስለተጀመረው፣ ከ1939 በኋላ ስለፈረሰው፣ በ1946 እንደገና ስለቆመውና በ1963 የተማሪዎች ብቻ ስለሆነው ሊግ ይናገራል። ወደ እንጨት ዱላ መመለስና የስም ለውጡ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ። የታወቁ ተጫዋቾች በመጨረሻው ገጽ ይሰፍራሉ፤ መንሰን ፎቶ ይኖረዋል። የጨዋታውን ሕግ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወጣቶቹ ይጽፋሉ፣ ወላጅ አንብቦ ካልገባው መልሰው ይጽፉታል። ሜዳው መግቢያ ስለማያስከፍል የሚጠየቀው በጀት ለአውቶቡስ፣ ለኅትመትና ለምግብ ብቻ ነው። ጨዋታው በጉም ቢቋረጥ ጉዞው እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ገንዘብ አይመለስም።»

የወጣቶች ተጠሪ፦
መንሰን ፎቶ ካገኘ እስማማለሁ። ሕጉን እኛ እንጽፋለን፣ ባለፈው ዓመት የሞከርነው አለ።

የመስተንግዶ ኃላፊ፦
ኮፍያው ሲዞር ምን እናደርጋለን? ማኅበሩ በአንድ ፖስታ ይስጥ ወይስ ሁሉም የየራሱን?

የሃያኒስ አባል፦
ፖስታ እዚያ አይለመድም እትዬ። ለልጆቹ በእጃቸው ስጧቸውና ራሳቸው ይጣሉ።

ሰብሳቢ፦
ጥሩ፣ እንደዚያ ይሁን። ጋሼ፣ የርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

ገንዘብ ያዥ፦
ከሦስት ድርጅት የአውቶቡስ ዋጋ አምጡልኝና እፈርማለሁ። ኮፍያው ውስጥ የሚገባው ግን በማኅበሩ ሂሳብ አይያዝም፤ ደረሰኝ የለውም።