ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል 2 በ8 ጂቢ ራምና በ4ጂ ኔት፦ አሁን ልግባ ወይስ ነፃው እስኪወጣ ልጠብቅ?

ኮዬ_ብሎክ ጠየቀ፦

ሰላም ለቤቱ። ጭራቅ እየተዋጉ የሚሄዱበት የኦንላይን ጌም ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል 2 ኅዳር 27 ቀን 2017 በኧርሊ አክሰስ (ሳይጠናቀቅ ቀድሞ ለሚገባ) ተከፍቷል። ሠሪዎቹ፣ የኒውዚላንዱ ግራይንዲንግ ጊር ጌምስ፣ ሙሉው ሲወጣ በነፃ እንደሚሆን ተናግረዋል፤ ለአሁኑ ግን መግቢያው 30 ዶላር ነው። ከመክፈሌ በፊት ቀድማችሁ የገባችሁትን ልጠይቅ።

ላፕቶፑ ባለ 4 ኮር አይ5፣ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጂቢ፣ ራም 8 ጂቢ፣ ዲስኩ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ፈጣኑ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ የለውም። ቤቱ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ኔቱ የ4ጂ ራውተር። ማታ ማታ 4 ሜጋ ቢት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 10 ይደርሳል። ፒንግ (ወደ ሰርቨሩ ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜ) 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ላፕቶፑ ይሸከመዋል? እንዴት ላውርደው? በዚህ ፒንግስ ይጫወቱታል? የመጀመሪያውን ለሚያውቅ ሰው ምን ይመስላል፣ በየትኛው ገጸ ባሕርይ ልጀምር?

ገላን_ጥገና መለሰ፦

ግራፊክስ ካርዱ አያሳስብህ። ዝቅተኛው መስፈርት ጂቲኤክስ 960 ባለ 3 ጂቢ ነው፤ የሚመከረው አርቲኤክስ 2060። ያንተ በመካከል ነው። የሚያስቸግርህ ዲስኩና ራሙ ነው። ጌሙ አዲስ ቦታ ስትገባ የግድግዳውን፣ የጭራቁን፣ የድምፁን ፋይል እየተጫወትክ ያነባል። ሃርድ ዲስክ በዚህ ፍጥነት አያቀብለውም። በዚያ ላይ ራሙ 8 ጂቢ ስለሆነ ዊንዶውስና ብራውዘር ግማሹን ሲይዙት የተረፈው ወደዚያው ሃርድ ዲስክ ይፈስሳል። ሁለት ሥራ በአንድ ጭንቅላት ማለት ነው። ስክሪኑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ቀጥ ሲል ሰርቨሩ ላይ ያለው ቦስ (ዋናው ጭራቅ) ግን ቀጥ አይልም፤ ስትመለስ ሞተህ ትገኛለህ።

ስለዚህ ገንዘብ ካለህ መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎ ራም። ታስክ ማናጀር ከፍተህ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ በል፤ ስንት ስሎት እንደተያዘ ይነግርሃል። ከ2 አንዱ ብቻ ከተያዘ አሁን ካለው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የላፕቶፕ ዲዲአር4 8 ጂቢ ጨምርበት። ሁለት ሲሆን መጠኑ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ይጨምራል፣ በሁለት መስመር ስለሚሠራ። ኤስኤስዲ ስትገዛ ከ512 ጂቢ አትውረድ። ጌሙ ብቻውን 100 ጂቢ ነፃ ቦታ ይጠይቃል፤ 256 ላይ ዊንዶውስን ስትጨምርበት ለአፕዴት የሚሆን መተንፈሻ አይቀርም። የማዘርቦርዱ ኤም.2 ቀዳዳ (የኤስኤስዲ መሰኪያው) ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ዓይነት ይቀበል ወይስ ሳታ የሚባለውን ብቻ የሚለውን ሳታጣራ አትግዛ፤ መልካቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መገናኛም ሆነ መርካቶ ያገለገለ ከሰጡህ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም አስከፍተህ ጤናውን በመቶኛ፣ የሠራበትን ሰዓትም ሳታይ አትክፈል።

ሴቲንጉ ላይ ምስሉን በትንሹ ሠርቶ የሚያሳድግ ምርጫ አለ፦ ዲኤልኤስኤስን አትፈልገው፣ አርቲኤክስ ካርድ ብቻ ነው የሚሠራበት። ኤፍኤስአር ወይም ኤክስኢኤስኤስ (XeSS) ምረጥ። ቴክስቸር መካከለኛ፤ ከዚያ ካለፈ 4 ጂቢው ይሞላና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ላይቲንግ የሚለው ሻዶውስ ብቻ ይሁን፣ ግሎባል ኢሉሚኔሽን (የብርሃን ነጸብራቅ) ያለበትን ተወው፤ ካርዱን ከሁሉ በላይ የሚበላው እሱ ነው። ዳይናሚክ ሪዞሉሽን አብራ። የፍሬም ጣሪያውን 45 ወይም 60 ላይ ቆልፈው፣ ላፕቶፑ እንዳይግል። መጀመሪያ ስትገባ ሼደር (ለካርዱ የሚሆን የሥዕል ፕሮግራም) እስኪያዘጋጅ የሚቆራረጥ ነገር አለ፤ እሱ ብልሽት አይደለም፣ በየቦታው አንድ ጊዜ ካለፍክ በኋላ ይቀንሳል።

ሱሉልታ_ፋይተር መለሰ፦

ገላን ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ 11 በ24ኤች2 እትም ላይ ከሆነ ኧርሊ አክሰሱ እንደተከፈተ ሰሞን የሎዲንግ ስክሪን ላይ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ድርቅ የሚልበት ችግር ነበር። ከገጠመህ ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲቴይልስ ገብተህ ጌሙን በቀኝ ክሊክ፣ ሴት አፊኒቲ (ጌሙ በየትኞቹ ኮሮች እንዲሠራ መምረጫ)፣ ከዚያ ሲፒዩ 0ንና 1ን ምልክታቸውን አንሳ። ጌሙን በከፈትክ ቁጥር መድገም አለብህ። ግን ያንተ 4 ኮር ስለሆነ ችግሩ ካልመጣ አትንካው፤ ያለችህን ጉልበት ትቀንሳለህ።

ለገጣፎ_ኔት መለሰ፦

ወደ ማውረዱ። መጀመሪያ ሜጋ ቢትና ሜጋ ባይትን እንለይ። 10 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ነው። 100 ጂቢ በዚህ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በ4 ሜጋ ቢት ደግሞ ወደ 56 ሰዓት። መብራት ቢሄድም ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) ካቆመበት ይቀጥላል፣ እሱ ላይ አትስጋ። ለአፕዴት ግን ስቲም ሴቲንግ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ የሰዓት ገደብ አለ፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት አድርገው። የስቲም ሰዓት የፈረንጅ ስለሆነ 12 ኤኤም እና 6 ኤኤም ብለህ ነው የምትሞላው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከሰው መቅዳት ነው። ጌሙ ያለው ጓደኛ ካለህ በስቲም ከሆነ ሁለታችሁ በአንድ ራውተር ላይ ግቡና በሎካል ኔትወርክ ማስተላለፊያውን አብሩ፤ ስቲም ከኢንተርኔት ሳይሆን ከጓደኛህ ላፕቶፕ ይጎትተዋል። በላን ኬብል ቢሆን ደግሞ በጣም ይፈጥናል። ተሸክመህ መሄድ ካልቻልክ ፎልደሩን በውጫዊ ሃርድ ዲስክ አምጥተህ ስቲምአፕስ ውስጥ ኮመን የሚለው ፎልደር ላይ ለጥፍ፣ ከዚያ ኢንስቶል በል። ያለውን ፋይል ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ራውተሩን ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጣው። የራውተሩን ገጽ ክፈትና አርኤስአርፒ (RSRP፣ የሲግናሉ ጥንካሬ) የሚለውን ቁጥር እያየህ ከመስኮት መስኮት አዙረው። ከዜሮ በታች 110 ከሆነ ደካማ ነው፤ 90 ወይም 80 ከደረሰ ጥሩ ቦታ አገኘህ ማለት ነው። ሲንር (SINR፣ የሲግናሉ ጥራት) ደግሞ ከ10 በላይ ይሁን። በኮንዶሚኒየም አንዱ ክፍል ከሌላው ሰማይና ምድር ነው።

ኮዬ_ብሎክ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ከአንድ ጓደኛ እቀዳለሁ። መብራቱን በሚመለከት፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ራውተሩ ነው የሚጠፋው። ለሱ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ 8800 የሚል አይቻለሁ፣ ይበቃል?

ለገጣፎ_ኔት፦

8800 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ብዙውን ጊዜ በ3.7 ቮልት ተቆጥሮ ነው፤ ወደ 32 ዋት ሰዓት ይመጣል። ወደ 12 ቮልት ሲለወጥ የሚባክነውን ቀንስና 27 በል። ራውተርህ በትክክል 8 ዋት ቢበላ ሦስት ሰዓት ይይዝልሃል፣ በቂ ነው። ግን የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን እይ፦ 12 ቮልት 1 አምፒር ከሆነ ዩፒኤሱም 12 ቮልት ሆኖ 1 አምፒርና ከዚያ በላይ ይስጥ። 9 ቮልት የሚሉ ራውተሮች አሉ፣ 12 ከሰካህባቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ላፕቶፑም በባትሪ ሲሆን ካርዱ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ያኔ የፍሬም ጣሪያውን 30 አድርገው።

ሰንዳፋ_ዊች መለሰች፦

ስለ ጨዋታው እኔ ልበል፣ ወንድሜ። የመጀመሪያውን እየሮጠ የሚያጭድ ሰው በዚህኛው የመጀመሪያ ሰዓቱ ይደነግጣል። ቀርፋፋ ነው፣ ሆን ተብሎ። በኪቦርዱ ደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ ቁልፎች መሄድ ተጨምሯል፣ ስፔስ ስትነካ ይንከባለላል፣ ለመንከባለሉ የሚጠበቅ ጊዜ የለውም። አምስት የነበረው ፍላስክ (የመድኃኒት ጠርሙስ) ሁለት ሆኗል፤ አንዱ ለደም፣ አንዱ ለማና (ለስኪል የሚወጣው ጉልበት)። የስኪል ማጠናከሪያ ዕንቁ የሚሰካበት ሶኬት ከልብሱና ከመሣሪያው ተነሥቶ ራሱ ስኪል ጄሙ (ስኪሉን የሚሰጠው ዕንቁ) ላይ ገብቷል። ይሄ በጣም ትልቅ እፎይታ ነው፦ የተሻለ ጥሩር ስታገኝ ቀለሙና ሰንሰለቱ አልገጠመም ብለህ አትጥለውም።

በ200 ፒንግ ይጫወታል፣ ግን ሴቲንጉ ላይ ኔትወርኪንግ ሞድ የሚለውን ፕረዲክቲቭ አድርገው። ሎክስቴፕ እያንዳንዱን እርምጃ ሰርቨሩ እስኪያጸድቅ ይጠብቃል፤ በዚህ ርቀት ጭቃ ውስጥ እንደመራመድ ነው። ፕረዲክቲቭ ቶሎ ይታዘዛል፣ አልፎ አልፎ ግን ገጸ ባሕርይህን ወደ ኋላ ይስበዋል። ኔቱ ሲንቀጠቀጥ ያየኸው ቦታና ሰርቨሩ የሚያውቀው ቦታ ስለሚለያይ ነው። ኤፍ 1 ስትነካ ግራፉ ይመጣል፤ የፒንጉን ቁጥር ብቻ ሳይሆን መስመሩ የተስተካከለ መሆኑን እይ። የማይወዛወዝ 200 ከ90 እስከ 400 ከሚዘል ይሻላል። መግቢያው ላይ ሰርቨሩን ራስህ መርጠህ ሞክር። በካርታ የሚቀርበው በኔት ላይቀርብ ይችላል፤ መስመራችን በጂቡቲ በኩል ወደ ባሕር ገመድ ስለሚወጣ አውሮፓ ከአንዳንድ የአፍሪካ ሰርቨር ሊፈጥን ይችላል።

ገጸ ባሕርይ፦ በዚህ ኔት መንክን ተወው። ጠላት ሥር ገብቶ በቅጽበት መውጣት ይፈልጋል። ዋሪየርም ከባድ መዶሻውን ሲያነሣ ይዘገያል፣ በዚያ ላይ የኔቱ መዘግየት ይደመርበታል። ዊች ውሰድና አጽሞቹን አስነሣ፤ እነሱን የሚያንቀሳቅሳቸው ሰርቨሩ ስለሆነ አንተ ብትዘገይም ይዋጋሉ። ያንተ ሥራ ራስህን ማሸሽ ብቻ ይሆናል። ሬንጀርም ከሩቅ ስለምትወጋ ትመቻለች። የቦሱን ምት ሲወርድ ሳይሆን እጁን ሲያነሣ ተንከባለል። ቀይ ብልጭታ ያለውን ምት በጋሻ ልመክት አትበል፣ አይመከትም።

በመጀመሪያው አክት (የታሪኩ ምዕራፍ) ሁለት ቦታ አትለፍ። ክሊርፌል የሚባለው ቦታ ላይ ቤይራ የምትባለውን ቦስ ግደል፣ ለዘለቄታው 10 በመቶ የቅዝቃዜ መከላከያ ትሰጣለች። ፍሬይቶርን ያለው ቦስ ኪንግ ኢን ዘ ሚስትስ ደግሞ 30 ስፒሪት (አጽሞችን ይዞ ለመቆየት የሚያስፈልግ ነጥብ) ይሰጣል፤ አጽም የሚያዘምት ሰው ያለሱ አይሆንለትም። የአክቱ መጨረሻ ቦስ ካውንት ጂኦነር በበረዶ ነው የሚመታህ፣ ስለዚህ የቤይራ ነገር እዚያ ይከፍልሃል። ሌቭል በወጣህ ቁጥር የሻጮቹ ዕቃ ይታደሳል፤ ወርቅህን ለመሣሪያ አውጣው።

ሃርድኮርን (አንዴ ከሞትክ የምትወጣበትን ሞድ) ግን በምንም ምክንያት አትንካ። መብራት ሲሄድ ገጸ ባሕርይህ ወዲያው አይወጣም፣ ጥቂት ሰከንድ ቆሞ ጠላት ይመታዋል።

ሱሉልታ_ፋይተር፦

ስለ 30 ዶላሩ፦ በከንቱ የሚቀር ገንዘብ አይደለም፤ በጌሙ ሱቅ የሚሠራ 300 ፖይንት ይሰጡሃል፣ ነፃው ሲወጣም ዕቃ ማስቀመጫ ትገዛበታለህ። እኔ ብሆን ግን ኤስኤስዲ ሳይገባ አልከፍልም። በሃርድ ዲስክ የምታየው ጌም ሌላ ጌም ነው።

ሰንዳፋ_ዊች፦

እስማማለሁ። ኤስኤስዲው አሁን፣ ጌሙ ቀጥሎ።

ኮዬ_ብሎክ፦

ከጓደኛዬ መቅዳት ጀምሬ ነበር፤ እሱ የሚጠቀመው የሠሪዎቹን የራሳቸውን ክላየንት (የጌሙን መክፈቻ ፕሮግራም) እንጂ ስቲምን አይደለም። ኮንቴንት የሚለው ፋይል ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስኬ አልገባም አለ፣ 300 ጂቢ ክፍት ቦታ እያለው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል።

ገላን_ጥገና፦

ውጫዊ ሃርድ ዲስክህ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደራጃጀት ነው የተፎረመተው። ፋት32 ከ4 ጂቢ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ የቱንም ያህል ቦታ ቢኖረው። የራሳቸው ክላየንት ደግሞ ሁሉንም በአንድ ግዙፍ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጥና በቀኝ ክሊክ ፎርማት ብለህ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ምረጥ። ሌላም አለ፦ የስቲሙ ፋይል በብዙ ቁራጭ ስለሆነ የሱን ወደ ስቲም ብትለጥፈው አይሠራም። ከሱ ከቀዳህ አንተም ያንኑ ክላየንት ጫን፣ አንድ ጊዜ ከፍተህ ፎልደሩን ሲፈጥር ዝጋው፣ ፋይሉን በላዩ ተካውና እንደገና ክፈት፤ ልዩነቱን ብቻ ያወርዳል።

ኮዬ_ብሎክ፦

ኤክስፋት አደረግኩት፣ እየገባ ነው።