ስታነስ ፍሎራይድ ወይስ ሶዲየም ፍሎራይድ? የጥርስ ሳሙና ጠቁሙኝ

ሚሚ21፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቀዝቃዛ ነገር ስጠጣ ጥርሴን ይነዝረኛል ስቦርሽም ድዴ ይደማል። ስታነስ ያለውን ልግዛ ወይስ ሶዲየም? የሞከራችሁ በእናታችሁ ንገሩኝ

የኔሳሙና፦ ክሬስት የሚባለው ሳሙና ነው እህቴ ሌላ አትንኪ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እሱ ነው እናቴም እሱ ነው

ኬሚ፦ ክሬስት እኮ ብዙ ዓይነት ነው! በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ሲወጣ ስታነስ ነበር፣ በ1981 ወደ ሶዲየም ዞረ፣ አሁን ሁለቱም አለው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን እይ

ብሩክ_ጥ፦ እኔ ስታነስ ያለው ሳሙና፣ ስሙን አልጠራም፣ ሶስት ወር ተጠቅሜ የጥርሴ ዳር ዳሩ ቡኒ ሆነብኝ፣ ሰው ፊት መሳቅ ሁሉ ተውኩ። አልመክርሽም

ሰሎሜ፦ እኔንም!! ጣዕሙስ ብትይ ብረት የላስኩ ነው የሚመስለኝ

ኬሚ፦ ቡኒው ላዩ ላይ የተለጠፈ ቀለም ነው እንጂ ጥርሱ አልተበላሸም፣ ሀኪም ሲያጸዳው ይለቃል

ብሩክ_ጥ፦ ለማጽጃው ማን ይክፈልልኝ ታዲያ

አባቢ፦ ለልጅስ የቱ ይሻላል? 2 ዓመቷ ነው ሁሌ ትውጠዋለች

ጽጌ፦ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የምታክል ብቻ አድርግላት፣ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ታህል፣ መትፋትም አስለምዳት

ዳኜ፦ ኧረ ጥያቄውን አንብቡ! ልጅቷ ድዴ ደማ እያለች እናንተ ስለ ቀለምና ስለ ጣዕም፣ በእውነት ያናድዳል

ኬሚ፦ ልክ ነህ ዳኜ። ሚሚ፣ ፍሎራይዱ በሁለቱም ጥርስ እንዳይቦረቦር ይረዳል። ልዩነቱ ስታነስ ማለት ቲን የሚባለው ብረት ነው፣ ቲኑ ባክቴሪያውን ስለሚያዳክም ለድድ ጥሩ ነው፣ ደግሞ ወደ ጥርስ ነርቭ የሚወስዱትን ደቃቅ ቀዳዳዎች ስለሚደፍን ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ላንቺ እሱን ነው የምመርጠው። ሳሙናው ላይ የተጻፈው የስታነሱ 0.454 ፐርሰንት ከሶዲየሙ 0.243 ፐርሰንት ይበልጣል ብለሽ ደግሞ እንዳትሳሳቺ፣ ስታነሱ በክብደት ሩቡ ገደማ ነው ፍሎራይድ፣ ሶዲየሙ ግን 45 ፐርሰንቱ፣ ስለዚህ የሁለቱም ፍሎራይድ 1100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 1100 እጅ) አካባቢ ነው። ቲኑ ውሃና አየር ሲያገኘው ቶሎ ጉልበቱን ያጣል፣ ለዛ ነው ማረጋጊያ የሚጨምሩበት፣ ቀኑ ያለፈበት አትግዢ

የኔሳሙና፦ ምንም በሉ እኔ ከክሬስት አልወጣም

ዳኜ፦ ሚሚ ድድሽ መድማቱን ካላቆመ ሀኪም ይየው፣ ሳሙና ብቻ አትጠብቂ

ሰሎሜ፦ ሚሚ የቱን ገዛሽ በመጨረሻ?

አባቢ፦ እኔም እየጠበቅኩ ነው