78 ሳ.ሜ. ጠረጴዛ፣ ላፕቶፕና የአንገት ሕመም፦ አዲስ ወንበር ይፈታዋል?

ጠቅላላ አገልግሎት
ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ 6ኛ ፎቅ ላይ 22 ሠራተኞች አሉን፤ ግማሹ ሒሳብ ክፍል ነው። ሁሉም በላፕቶፕ ይሠራሉ። ጠረጴዛው ቁመቱ 78 ሳ.ሜ.፣ እግሩ ብረት ነው። ወንበሮቹ ባለ ጎማ ናቸው፤ 7ቱ ሰው ሲቀመጥባቸው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። አንገትና ትከሻ የሚያማቸው በዝተዋል፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ጣታችን ይደነዝዛል ይላሉ። አለቆች 22 አዲስ ወንበር ይገዛ ብለዋል። ያዋጣል?

ፊዚዮ
ከወንበሩ በፊት ላፕቶፑን ተመልከቱ። ስክሪኑና ኪቦርዱ የተያያዙ ስለሆኑ ለእጅ ሲመች አንገት ይጎብጣል፣ ለአንገት ሲመች እጅ ይሰቀላል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር የማጅራት ጡንቻ የሚሸከመው ይጨምራል። ይህን ውድ ወንበርም አይለውጠውም።

ለእያንዳንዱ ሰው ኪቦርድና ማውስ ግዙለት፣ ላፕቶፑን ከፍ አድርጉት። አንድ ደስጣ ወረቀት (500 ቅጠል) ውፍረቱ 5 ሳ.ሜ. ያህል ነው፤ ለአብዛኛው ሰው 3፣ ለረጅም ሰው 4 ይበቃል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ርቀቱ ደግሞ የተዘረጋ ክንድ ያህል ይሁን። የቅርብና የሩቅ መነጽር በአንድ ላይ ያደረገ ሰው ግን ከዚያም ዝቅ ያድርገው፤ አለዚያ በታችኛው መስታወት ለማንበብ ቀኑን ሙሉ አገጩን አንጋጦ ይውላል።

78 ለብዙ ሰው ከፍ ያለ ነው። የተቀመጠ ሰው ክርን ከመቀመጫው 23 ሳ.ሜ. ገደማ ከፍ ይላል። ክርን ከጠረጴዛው እኩል እንዲሆን መቀመጫው 55 መድረስ አለበት ማለት ነው። አጭር ሴት ግን እግሯ መሬት የሚረግጠው መቀመጫው 40 አካባቢ ሲሆን ነው። በመሃል 15 ሳ.ሜ. ቀረ! ወይ ትከሻዋን ሰቅላ ትጽፋለች፣ ወይ እግሯ ተንጠልጥሎ የወንበሩ ጠርዝ ጭኗን ከሥር ይጫናል። መፍትሔው ወንበሩን ከፍ አድርጎ እግር ማሳረፊያ ማስቀመጥ ነው፤ አናጢ በቀላሉ ይሠራዋል። ስፋቱ 40 በ30፣ ከፍታው ከ10 እስከ 15፣ ወደ ተቀማጩ ትንሽ ያዘነበለ ይሁን። ወይም ብረት ሠሪ የጠረጴዛውን እግር 5 ሳ.ሜ. ይቁረጠው።

ጣቱን በተመለከተ የትኛው ጣት እንደሆነ ጠይቁ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ከሆነ፣ በተለይ ሌሊት የሚያስነሳ ከሆነ፣ የእጅ አንጓ ላይ የተጫነ ነርቭ ይጠረጠራል፤ ሲተኙ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ይረዳል። ትንሿ ጣት ከሆነች ችግሩ ብዙ ጊዜ ክርን ላይ ነው፤ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ክርናቸውን የሚደገፉ ሰዎች ይህን ያመጡታል።

ወንበር ጥገና
የሚወርዱት 7ቱ ፒስተናቸው (ከመቀመጫው ሥር ያለው ባለ ጋዝ ምሰሶ) አልቋል፤ ጎሚኒው ጋዙን መያዝ አቅቶታል እንጂ ወንበሩ አልሞተም። የብዙዎቹ ፒስተን ውፍረት አንድ ነው፤ ከላይ 28 ሚ.ሜ.፣ ከታች 50 ሚ.ሜ.። ግን ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን አውጥታችሁ ለኩ፣ የሚወጣውንም ርዝመት ጨምራችሁ። ወንበሩን ገልብጡ፣ ባለ አምስት እግሩን በጎማ መዶሻ ከፒስተኑ ዙሪያ እየመታችሁ አላቁት፤ ላይኛው ካልወጣ በቧንቧ ቁልፍ ይዞ ማዞር ነው። አዲሱ ሲገባ ግራሶ አትቀቡ! የሚይዘው ጠብቆ በመግባቱ ብቻ ነው። ያረጀውን ደግሞ መቁረጥም ማሞቅም ክልክል፤ ውስጡ የታመቀ ጋዝ አለ።

በጀት እስኪለቀቅ 40 ሚ.ሜ. የፒቪሲ ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ፣ ሽፋኑን ዝቅ አድርጋችሁ የፒስተኑን ዘንግ አልብሱት። ከፍታው እዚያው ይቆማል። ማስተካከል አይቻልም እንጂ አይወርድም።

በደስጣው አልስማማም። ፕሪንተር ወረቀት ሲያልቅበት መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው፤ በዚያ ላይ የላፕቶፑን የሥር ቀዳዳ ይደፍናል። 15 ሳ.ሜ. የእንጨት ማስቀመጫ አሠሩ፣ ላይኛው ፊት መሃሉ ክፍት ይሁን።

ጠቅላላ አገልግሎት
አመሰግናለሁ። አንድ የረሳሁት፦ መስኮታችን ወደ ምዕራብ ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ስለሚያርፍ ሰዎቹ ሰውነታቸውን ጠምዝዘው ነው የሚሠሩት። የሒሳብ ክፍሎቹ ደግሞ ቁጥር መምቻው ያለበት ኪቦርድ ካልሆነ አንፈልግም ይላሉ።

የሥራ ደህንነት
ጠረጴዛውን አዙሩት፤ መስኮቱ ከፊትም ከኋላም ሳይሆን ከጎን ይሁን። መጋረጃ ሁለተኛው ነው።

ባለ ቁጥር ኪቦርድ ረጅም ስለሆነ ማውሱን ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ የቀኝ ትከሻ ሕመም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ‹ቢ› የምትለዋን ፊደል ከእምብርት ትይዩ አድርጉ፣ ማውሱን ወደ ግራ እጅ አዙሩ። ለመልመድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያስቸግራል። ደረሰኝና ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከሚነበብ በኪቦርዱና በስክሪኑ መሃል ዘንበል ብሎ ይቁም።

አለቆች የመዋጮ ጉዳይ እንዳያደርጉት፦ ድርጅታችሁ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ከሆነ የሥራ ቦታን ከጤና ጉዳት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ አዋጁ ሌላ ነው።

ፊዚዮ
የሥራ ደህንነት ስላሉት የግራ ማውስ፦ ጣቱ የሚደነዝዘው የግራ እጁ ከሆነ ሰው ላይ አትሞክሩት።

ሁሉንም ግን «ብርድ ነው» ወይም «ከወንበሩ ነው» ብላችሁ አትለፉ። የወገብ ሕመም ላይ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር ከዛለ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ለሳምንታት የቆየ የወገብ ሕመም ከሌሊት ላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ መሆን አለመሆኑ ይመርመር። አንገቱን አሞት እጁ የሚደነዝዝ ሰው ደግሞ ወጌሻ ጋ ሄዶ አንገቱን እንዳያስጠመዝዝ።