«ኤክስፓየር» እና ትንፋሽ፦ የቃሉ አመጣጥ

መድኃኒት ወይም የታሸገ ምግብ «ኤክስፓየር አድርጓል» ስንል የምንጠቀምበት ቃል ሲነሳ ከጊዜ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በላቲን «ስፒራሬ» መተንፈስ ማለት ነው፤ «ወደ ውጭ» የሚል ፍቺ ያለው «ኤክስ» ከፊቱ ሲጨመር አየርን ከሳንባ ማስወጣት የሚል ትርጉም ይይዛል። «ኤክስ» ራሱ በ«ስ» ድምፅ ስለሚያልቅ የ«ስፒራሬ» የመጀመሪያ ድምፅ ተውጦ ቀርቷል፤ ቃሉን ከ«ስፒሪት» (መንፈስ) ጋር አያይዘው የሚያዩት ሰዎች ጥቂት የሆኑትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ከመግባቱ በፊት፣ ገና በላቲን ሳለ፣ ቃሉ ለሞትም ያገለግል ነበር፤ የመጨረሻው ትንፋሽ ወጥቶ አይመለስምና። ነፍስ፣ መንፈስ፣ ነፋስ እና ተነፈሰ የሚሉት ቃላት የአንድ ሥር ልጆች ስለሆኑ፣ የእኛም «ነፍሱ ወጣች» ከዚህ አስተሳሰብ ብዙ አይርቅም። ለውል፣ ለፈቃድ፣ ኋላም ለመድኃኒት የተሰጠው ፍቺ ከዚሁ የማብቃት ሐሳብ የተወሰደ ነው።

በሕክምና ቋንቋ ግን ጥንታዊው ትርጉም ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በአሜሪካ ሆስፒታል በአንድ የአስም ታማሚ መዝገብ ላይ «ኤክስፓይራቶሪ ዊዝ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ታማሚው አየር ሲያስወጣ ከደረቱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል ማለት ነው፤ «ኤክስፓየርድ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ታማሚው ሞቷል። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚያስተረጉም ሰው ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ቀላል አይደለም።

ከዚሁ «ስፒራሬ» የወጣው «ኮንስፓየር» አብሮ መተንፈስ ማለት ነበር። በላቲን ለመስማማትም ለመዶለትም ይውል ነበር፤ በዛሬው እንግሊዝኛ ግን የሚያመዝነው ሴራው ነው።

ከቤተሰቡ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደስተኝ «ኢንስፓየር» ነው። ለሐኪም አየር ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ለሌላው ሰው ደግሞ ማነሣሣት። ሁለተኛው ፍቺ ሥር የሰደደው በሃይማኖታዊ አነጋገር ውስጥ ሲሆን፣ በዘፍጥረት 2፥7 ፈጣሪ በአዳም አፍንጫ የሕይወትን እስትንፋስ «እፍ አለበት» የሚለውን ግስ የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ «ኢንስፒራቪት» ይለዋል። በእኔ አስተያየት ከ«አነሣሣ» ይልቅ «እፍ አለበት» ለቃሉ ነባር ፍቺ የቀረበ ነው።