የባሕር ዋሻና የዓለት ኩሬዎችን ከልጆች ጋር ለማየት፦ መቼ ገብተን መቼ እንውጣ?

ጥያቄ

በሚቀጥለው ሳምንት የ12 እና የ9 ዓመት ልጆቼን ይዤ ወደ አንድ ዓለታማ የባሕር ዳርቻ እሄዳለሁ። ውኃው ሲሸሽ በእግር የሚደረስበት የባሕር ዋሻ፣ ከዋሻው በፊት ደግሞ በዓለቱ ጎድጓዶች ውስጥ ውኃ የሚቀርባቸው ኩሬዎች እንዳሉ ተነግሮኛል። በሙላትና ጉድለት ሰንጠረዡ መሠረት በዚያ ቀን ውኃው እጅግ ዝቅ የሚለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ስለሆነ፣ በዚያው ሰዓት ደርሰን ሁለት ሰዓት ያህል ለመቆየት አስቤያለሁ። ዕቅዴ ከአደጋ የራቀ ነው? ልጆቹ በኩሬዎቹ ውስጥ ያሉትን እንስሳትስ ቢነኩ ችግር አለው?

መልስ 1

ዕቅድዎን ቢያስተካክሉ እመክራለሁ። 3 ሰዓት ከ40 የመድረሻ ሳይሆን የመመለሻ ሰዓትዎ ይሁን። 2 ሰዓት ገደማ ላይ ቢደርሱ ውኃው እየሸሸ ስለሚሄድ፣ ቢዘገዩ እንኳ ጊዜ ይኖርዎታል።

ምክንያቱን ላስረዳ። በአብዛኛው ዳርቻ ውኃው ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ለመድረስ ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል ይወስድበታል፤ አወጣጡ ግን እኩል አይደለም። መርከበኞች ጠቅላላውን ልዩነት በ12 ከፍለው ሲገምቱ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት እጅ ይሞላል ይላሉ። ልዩነቱ 4 ሜትር ቢሆን በሦስተኛው ሰዓት ብቻ አንድ ሜትር ይወጣል ማለት ነው። እርስዎ ለመመለስ ያሰቡት 5 ሰዓት ከ40 ላይ፣ ልክ ይህ ፈጣን ሙላት ሲጀምር ነው።

ሰንጠረዡንም እንደገና ይመልከቱልኝ። 09:40 ብሎ ከሆነ የጻፈው የእርስዎ አነጋገር ትክክል ነው፤ 03:40 ብሎ ከሆነ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ማለት ነውና ጠዋት ሲደርሱ የሚጠብቅዎ ሙላት ይሆናል። ሰንጠረዡ ለሚሄዱበት ዳርቻ ቅርብ ለሆነው ወደብ የተዘጋጀ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ልዩነቱ 16 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ በአብዛኛው የሜድትራንያን ዳርቻ ግን ከግማሽ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ልዩነቱ ይሰፋል። ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ካለ ደግሞ ውኃው ሰንጠረዡ ከሚለው በላይ ሊወጣ ይችላል።

መልስ 2

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔን ሊያጠፋኝ የነበረው ግን ሰዓቱን አለማወቄ ሳይሆን መንገዱን አለማየቴ ነው። ከዓመታት በፊት ከጓደኛዬ ጋር አንድ ዋሻ ገብተን ስንመለከት፣ የዋሻው ወለል ደረቅ አሸዋ ስለነበር ገና ብዙ ጊዜ ያለን መሰለን። ስንወጣ፣ በመምጫችን ቁርጭምጭሚቴን ብቻ ያራሰው ከመግቢያው ፊት ለፊት ያለው ረባዳ ቦታ ውኃው ወገቤ ድረስ ሞልቶት አገኘን፤ እየገፋ በሚመለስ ሞገድ መካከል ዓለቱን ይዘን ነበር የተሻገርነው። ስለዚህ የመውጫ ሰዓትዎን በዋሻው ሳይሆን በመንገዱ ላይ ባለው እጅግ ዝቅተኛ ቦታ ይወስኑ።

ከመግባትዎ በፊት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ከፍ ካለ ቦታ ቆመው ሞገዱን ይመልከቱ፤ ትልልቆቹ ሞገዶች በየተወሰነ ጊዜ ተከታትለው ስለሚመጡ በሁለት ደቂቃ ያዩት ጸጥታ ያታልላል። ሞገድ በጠባብ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ከፍታው ይጨምራል፣ ሲመለስም ሰው ይዞ ይወጣል። ከዚያ የዋሻውን ግድግዳ በእጅ ባትሪ ያብሩበት፦ ባርናክል የሚባሉት ነጫጭ ቅርፊት ያላቸው ጥቃቅን እንስሳትና እርጥብ አልጌ ጣሪያው ድረስ ተጣብቀው ከሆነ ውኃውም እዚያ ድረስ ይደርሳል። ወለሉ ላይ ጠርዙ የሰላ፣ ያልተሸረሸረ ድንጋይ ካለ በቅርብ ከጣሪያው የወደቀ ሊሆን ስለሚችል አይግቡ። ልጆቹ ሄልሜት ያድርጉ፤ እኔ ብሆን የ9 ዓመቱን ልጅ ከመግቢያው ብርሃን አላሳልፈውም።

መልስ 3

ስለ ኩሬዎቹ ልጨምር። አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቀው ዓለት በአልጌ የተሸፈነ ነውና እጅግ ያዳልጣል፤ ልጆቹ ሶሉ የሚይዝ የተዘጋ ጫማ ያድርጉ፣ ባዶውን ዓለት መርጠው ይርገጡ፣ ለባሕሩ ጀርባቸውን አይስጡ።

በሞቃት የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ዳርቻ ከሆኑ ምንም ነገር በእጅ አይነኩ። ሰማያዊ ቀለበት ያለው ኦክቶፐስ ከመዳፍ ባያልፍም መርዙ አተነፋፈስን ያቆማል፣ ማርከሻም የለውም፤ ኮን የሚባለው ያማረ ቅርፊት ያለው ቀንድ አውጣም በመርዛማ ጥርሱ ይወጋል። በሌላ ቦታ በእርጥብ ጣት በቀስታ መንካት ይቻላል፤ ከዓለቱ ላይ ማላቀቅ ግን ለእንስሳው ሞት ሊሆን ይችላል። ሊምፔት የሚባለው ሾጣጣ ቀንድ አውጣ ውኃ ሲሞላ ወጥቶ አልጌ ይግጥና ወደዚያችው፣ ቅርፊቱ ልክ ወደሚገጥምባት ቦታ ይመለሳል። ልጆቹ ቅርፊቱ በዓለቱ ላይ የሚተወውን ክብ ምልክት ፈልገው ቢያገኙ እጅግ ይደሰታሉ። የገለበጡትን ድንጋይ እንደነበረ ይመልሱት፤ ከሥሩ ያሉት በፀሐይ ይደርቃሉ።

ጥያቄ (የተጨመረ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰንጠረዡን አይቼዋለሁ፣ 09:40 ነው የሚለው። ምናልባት መንገዱ ቢቆረጥብን ምን እናድርግ?

መልስ 2

ልጆች ይዘው ለመዋኘት አይሞክሩ፣ ገደሉንም አይውጡ። ከባርናክሉና ከአልጌው መስመር በላይ ወዳለ፣ ሞገድ ወደማይደርስበት ዓለት ወጥተው ተጠጋግተው ይቀመጡና ወዲያውኑ ይደውሉ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ይሠራል፣ በሌላ አገር ከሆነ የባሕር ነፍስ አድኑን ቁጥር ቀድመው ይመዝግቡ። ዋሻ ውስጥ ስልክ ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ፣ የት እንደሚሄዱና 5 ሰዓት ላይ ካልደወሉ ለማን እንደሚነገር የሚያውቅ ሰው በየብስ ይተዉ።